የኪያር ቅጠል ሲነድ፦ ወሎ ጓሮ ውስጥ ጠላቱ ማን ነው?

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋትን ካስጀመረ ወዲህ ስለ ከተማ ግብርና ብዙ ይወራል። የአትክልት ዋጋም ሰውን ወደ ጓሮው እየገፋው ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ጎመንና ቆስጣ ያለበት ጓሮ አዲስ ነገር አይደለም። ኪያር ግን ለብዙ ቤት ገና እንግዳ ነው። ያምራል፣ ይሳባል፣ አበባ ያወጣል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ይሰጣል፤ ከዚያ ቅጠሉ ነዶ ያልቃል።

ወዲያው ምክር ይጎርፋል። ጎረቤት አመድ ነስንሱበት ይላል። ሌላው ሳሙና። ባለሱቁ ጽሑፉ በቅጡ የማይነበብ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ያወርዳል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ባለ ሸንተረር ጥንዚዛ ከቅጠል ላይ እየለቀመ የሚያሳይ ፈረንጅ አለ። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው። ችግሩ የሚያወሩት ስለ አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው።

ኪያርን የሚያጠቁ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ወቅት አይመጡም። የትኛው እንደሚመጣ በአብዛኛው የሚወስነው ጓሮው ያለበት ከፍታና ዘሩ መሬት የገባበት ወር ነው። ይህ ሳይለይ የሚረጭ ነገር፣ አመድም ሆነ ኬሚካል፣ ቢሠራ በአጋጣሚ ነው።

ሙቀት ወዳዱ ተክል ደጋ ሲወጣ

ኪያር የዱባ፣ የቅል፣ የሐብሐብና የዝኩኒ ዘመድ ነው። ወሎ ውስጥ ዱባ አጥር ላይ ተለቆ ይረሳል፤ እሱም ቅር ሳይለው ያፈራል። ስለዚህ ኪያርም እንዲሁ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። የኪያር ሥር ወደ ታች ብዙ አይወርድም። ፍሬው 95 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ብርድ ደግሞ ጨርሶ አይችልም። አፈሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ዘሩ እዚያው ይበሰብሳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው አፈር ግን በአራት አምስት ቀን ብቅ ይላል።

አሁን ካርታውን እንየው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በመኪና ብዙም ሳትርቅ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከሚሴና ቆቦ ደግሞ ወደ 1,500 ይጠጋሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ብቻ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሰው ጃኬት የመደረብና ያለመደረብ ጉዳይ ነው። ለኪያር ግን በሁለት ወር የሚደርስና በሦስት ወር የሚንቀረፈፍ ተክል ልዩነት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ደግሞ ለበሽታ የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። የኮምቦልቻ ዘመድ የነገራችሁ ነገር ደሴ ላይ አልሠራ ካለ፣ ዘመድ አልዋሸም።

ሁለት ሻጋታ፣ ሁለት ጠባይ

ኪያርን ጓሮ ውስጥ በብዛት የሚጨርሱት ሁለት የቅጠል በሽታዎች ናቸው። ሰው ሁለቱንም «ሻጋታ» ወይም «ዋግ» ብሎ ያልፋቸዋል፣ ባለሱቁም አብሮ። ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ባለሙያዎች ፓውደሪ ሚልዲው የሚሉት፣ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ክብ ክብ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ከታችኛውና ካረጀው ቅጠል ይጀምራል። ከዚያ ይሰፋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይደርቃል። ይህ ሻጋታ ለመብቀል ቅጠሉ ላይ የውሃ ጠብታ አይፈልግም። ሞቅ ያለ አየር፣ ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይበቃዋል፤ እንዲያውም ዝናብ ቅጠሉን እየመታ ሲያጥበው ይዳከማል። ስለዚህ ወቅቱ በጋ ነው፣ ቦታውም እንደ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ያለ ሞቃት አካባቢ፣ በተለይ በመስኖ የሚለማ ጓሮ።

ሁለተኛው ዳውኒ ሚልዲው ይባላል። እሱን ከላይ ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ጠብ ጠብ ይወጣል፤ ቢጫው ክብ ሳይሆን ባለ ማዕዘን ነው፣ ምክንያቱም በቅጠሉ ጅማቶች መሃል ታጥሮ ይቀራል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልበጡትና እዩት። ቢጫው ባለበት ትክክል ከሥሩ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ስስ ጸጉር ካለ፣ እሱ ነው። ጸሐይ ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ይህ ምልክት በደንብ አይታይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እኩለ ቀን ላይ ስለሚያይ ነው። በሽታው ሲብስ ቅጠሉ ዙሪያውን ይጠቀለላል፣ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። ፍሬውን በቀጥታ አይነካም፤ ቅጠል የሌለው ተክል ግን ፍሬ ሊያሳድግ አይችልም።

ዳውኒ ሚልዲው ከፓውደሪው በተቃራኒ እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ ገብቷል ማለት ነው። ይህ የደሴ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ፣ ጉሙ፣ ቀኑን ሙሉ የማይደርቀው ቅጠል። ክረምት ላይ ድንችና ቲማቲም የሚያቃጥለው በሽታም የዚሁ ወገን ነው። ዳውኒውም ይህ የድንች በሽታም በሳይንሱ ትክክለኛ ፈንገስ አይባሉም፤ ኡማይሲት የሚባሉ፣ ለአልጌ የሚቀርቡ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ለፈንገስ ተብሎ ከተሠራው መድኃኒት ብዙው እነሱን አይነካቸውም፣ ለእነሱ የተሠራውም ብዙ ጊዜ ፓውደሪውን አይነካውም። የጠፋው ገንዘብ እዚህ ጋ ነው የጠፋው።

ሌላው ነገር አመጣጡ ነው። ዳውኒ ሚልዲው በደረቀ ቅጠል ወይም በአፈር ውስጥ እንደልቡ አይቆይም፤ በሕይወት ያለ የኪያር ወይም የዘመዶቹ ቅጠል ይፈልጋል። ወሎ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አረንጓዴ ነገር አይጠፋም፤ ደጋው ሲደርቅ ቆላው በመስኖ ይለማል። የሻጋታውን ዘር ነፋስ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ «አምና ጓሮዬን አጽድቼ ነበር፣ ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሌላ ሰው ማሳ ነው።

የፈረንጅ ቪዲዮው ጥንዚዛ

ከውጭ የሚመጡት ቪዲዮዎች አብዛኛዎቹ የአሜሪካ ናቸው። እዚያ የኪያር ዋና ጠላት ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለው ትንሽ ጥንዚዛ ነው፤ ቅጠል ይበላል፣ ከዚያም የከፋው ተክሉን በቀናት ውስጥ የሚያጠወልግ ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ይህ ጥንዚዛ የሰሜን አሜሪካ ነው፣ የሚያስተላልፈው በሽታም በዋናነት የዚያው አካባቢ ችግር ነው። ቪዲዮው አልዋሸም፤ አገሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ ቅጠል የሚበሉ ሌሎች ጥንዚዛዎች አሉ፣ ቡቃያ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ጓሮ ውስጥ ግን ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም ይበቃል።

ታዲያ ኪያሩ በድንገት ከጠወለገ ምንድን ነው? ቡቃያው አንገቱ ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው፤ አፈሩን ትንሽ ጫር ጫር ስታደርጉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ያደገው ተክል ቀን ጠውልጎ ማታ የሚያገግም ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ጥም ነው ወይም ሥሩ ተነክቷል። ነቅሎ ማየት ነው። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተቋጠረ እብጠት ካለ ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ትል። ሥሩ ንጹህ ሆኖ ግንዱ ከታች ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን ፉዛሪየም የሚባል የአፈር ፈንገስ መጠርጠር አለበት። ለሁለቱም የሚረጭ ነገር የለም። ሰው ግን እየጠወለገ ያለውን ተክል ቅጠሉ ላይ ይረጨዋል።

አገር ውስጥ ያለው ምርምር ይህን ክፍተት ቶሎ አልሞላውም። ቅርባችን ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ የሚነሳው በማሽላና በመሳሰሉት ነው፤ ቅድሚያውም ይገባል፣ የሚበላው እሱ ነውና። ጓሮ ላይ ኪያር የሚተክለው ሰው ግን መልስ ፍለጋ ስልኩን ይከፍታል።

ክሽክሽ፣ የፍራፍሬ ዝንብ እና ፍሬው ውስጥ ያለው ትል

ክሽክሽ፣ ቅጠል ላይ ተሰብስቦ ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ራሱ ኪያርን ብዙ ጊዜ አይገድልም። የሚያመጣው ቫይረስ ነው የሚያስፈራው። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ዥጉርጉር ሆኖ ከተኮማተረ፣ ፍሬውም ጉብጉብ ካለበት፣ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ወይም ከዘመዶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሰው እዚህ ላይ የነፍሳት መርዝ ይገዛል። አመክንዮው የሚያሳምን ይመስላል፦ አስተላላፊውን ግደል፣ በሽታው ይቆማል። አይቆምም። ክሽክሽ ይህን ቫይረስ የሚያስተላልፈው አፉን ቅጠሉ ላይ ሰክቶ በሚቀምስባቸው ሰከንዶች ውስጥ ነው። መርዙ እስኪገድለው ሥራውን ጨርሷል። የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ ያሳዝናል፤ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው።

ሌላ ወጥመድም አለ። ካራቴ የሚባለውን የመሰሉ፣ ያገኙትን ነፍሳት ሁሉ የሚገድሉ መርዞች ክሽክሽን ሲገድሉ ተባይ የሚበሉትን ሸረሪትና የባለ ነጠብጣቧን ቀይ ጥንዚዛ እጭ አብረው ይጠርጋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ሥር ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይፈላል፤ ድር ያደራል፣ ቅጠሉ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ይሞላል። ደረቅና ሞቃት ወቅት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሰውየው መድኃኒቱ አነሰ ብሎ ደግሞ ይረጫል።

የፍራፍሬ ዝንብ ለብቻው ይነሳ። ዝንቧ እንቁላሏን ገና ለጋ ፍሬ ቆዳ ውስጥ ትጥላለች፤ ፍሬው በአንድ ጎኑ ይጎብጣል፣ ሲቆረጥ ትል ይገኛል። ከእነዚህ ዝንቦች አንዷ በውጭ ሳይንሳዊ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» ትባላለች፤ ስማችን በዚህም ተነስቷል። ትሉ ፍሬው ውስጥ ስለሆነ የሚረጨው አይደርስበትም። የሚሠራው አሰልቺ ነገር ነው፦ የተበላሸ ፍሬ ሲገኝ ወዲያው መልቀም፣ በፌስታል አስሮ ጸሐይ ላይ ማቆየት ወይም ጥልቅ አድርጎ መቅበር። ብስባሽ ክምር ላይ መጣል ለቀጣዩ ትውልድ ቤት መስጠት ነው።

አበባው ረገፈ ማለት ታመመ ማለት አይደለም

ይህን አጭር አድርገን እንለፈው። የተለመደው የኪያር ዓይነት ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። መጀመሪያ የሚመጡት ወንዴዎቹ ናቸው፤ አንድ ቀን ፈክተው ይረግፋሉ፣ ማፍራትም የእነሱ ሥራ አይደለም። ሴቴዋ ከአበባዋ ጀርባ ትንሽ ኪያር ይዛ ትታወቃለች። እሷ ያለ ንብ አትይዝም፤ ንብ በደንብ ካልጎበኛት ፍሬው አንድ ጫፉ ቀጥኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት፣ አበባ በፈካበት ሰዓት መርጨት በራስ ላይ መተኮስ ነው። ንብ ከሌለ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ ሴቴዋን መሃሏን ነካ ነካ ማድረግ ይቻላል።

አመድ፣ ሳሙና፣ ወተት ወይስ ኬሚካል?

እዚህ ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ የቤት ዘዴ ይበቃል ይላል፣ ሌላው ያለ ኬሚካል ቀልድ ነው ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

አመድ ደረቅ ሆኖ ቡቃያው ዙሪያ ሲነሰነስ ትልና ቀንድ አውጣን ያግዳል፣ ቅጠል በል ጥንዚዛንም ይረብሻል። ሲዘንብ ያበቃል። ሻጋታን ይፈውሳል የሚባለው ግን መሠረት የለውም። ፈሳሽ ሳሙና፣ እንደ ላርጎ ያለው፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገብቶ ቅጠሉ ሥር ከተረጨ ክሽክሽና ነጭ ዝንብን ይገድላል፤ የሚገድለው ግን የነካውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ መደጋገም አለበት። ኦሞ ቅጠል ያቃጥላል፣ አትሞክሩት።

ወተት አስቂኝ ይመስላል፣ ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ በዝኩኒ ላይ የተደረገ ጥናት አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በሳምንት በሳምንት ሲረጭ ፓውደሪ ሚልዲውን እንደሚቆጣጠር አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው ግሪንሃውስ ውስጥ ነው፣ በሽታው ገና ሲጀምር ነው የሚያዋጣው፣ ዳውኒውንም አይመለከትም። በዛሬ የወተት ዋጋ ደግሞ ለአራት እግር ኪያር እንጂ ለሙሉ ጓሮ አይታሰብም።

ኬሚካሉስ? ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት ዳውኒ ሚልዲውን ይከላከላል፤ ይህ እውነት ነው። ቃሉ ግን «ይከላከላል» ነው። ቅጠል ላይ ተቀምጦ በሽታው እንዳይገባ ያግዳል፤ ከገባ በኋላ አያወጣውም። ግማሹ ቅጠል ከነደደ በኋላ መርጨት የረፈደበት ነገር ነው። ፓውደሪው ላይ ደግሞ ብዙም ፋይዳ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ወስኗል፣ ምክንያቱም የጤና ስጋት ነው። ብዙ ሌላ አገር አሁንም ይጠቀምበታል።

ለጓሮ ግን ከዚህ ሁሉ የሚብስ ተግባራዊ ችግር አለ። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም የሚጠበቅ የቀን ብዛት አለው፤ የጥበቃ ጊዜ ይባላል፣ መለያው ላይ ይጻፋል። ኪያር ደግሞ ማፍራት ከጀመረ በየሁለት ቀኑ ነው የሚለቀመው፣ የሚበላውም ጥሬውን፣ ብዙ ጊዜ ከነልጣጩ ሰላጣ ላይ ነው። ሁለቱ አይታረቁም። ጠብቁ ከተባለ ፍሬው ያረጃል፤ ካልተጠበቀ መርዙ ሳህን ላይ ይመጣል። ማሳ ያለው ገበሬ መርሐ ግብር ያወጣል፤ ጓሮ ውስጥ ግን ልጆች እየቀጠፉ ይበላሉ።

በዚያ ላይ እየተቀዳ የሚሸጠው መድኃኒት መለያ የለውም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ነገር ግን ምን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ውሃ እንደሚገባ ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን አለመግዛት ይሻላል። ኬሚካል የግድ ከሆነ፣ የታሸገ፣ የሰብሉ ስም የተጻፈበት፣ አበባ ከማውጣቱ በፊት።

የሚያዋጣው የዘር ወር

ከመድኃኒቱ ይልቅ ልዩነት የሚያመጣው የቀን መቁጠሪያው ነው። ደሴና አካባቢዋ ላይ ሰኔ መጨረሻ ዝናብ አየሁ ብሎ ኪያር መዝራት ለዳውኒ ሚልዲው ድግስ መደገስ ነው። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ቤት ውስጥ በትንሽ ዕቃ አብቅሎ ከዚያ ማውጣት ይሻላል፤ በልጉ ያጠጣዋል፣ ሐምሌ ሳይጠና አብዛኛው ፍሬ ተለቅሟል። በልጉ ከቀረ በእጅ ማጠጣት ነው። ጥቅምት ላይ ደጋ መዝራት ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ መጥራት ነው። ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ከሚሴ ላይ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ውስጥ፣ መዝራት ይቻላል፤ ቆቦና ባቲ በመስኖ ጥርም የካቲትም ይሆናል፣ እዚያ ጠላቱ ፓውደሪው፣ ቀይ ሸረሪቱና ዝንቡ ነው።

ሁለተኛው ተክሉን በችካል ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። መሬት ላይ የተዘረጋ ኪያር ቅጠሉ አይደርቅም። የባሕር ዛፍ ችካልና የቃጫ ገመድ ይበቃል፤ በእግሮቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ፣ ከሥር ያሉ ያረጁ ቅጠሎች እየተነሱ፣ አየር ይዙርበት። ውሃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ ቅጠሉን ሳይነካ። ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል። ውሃ አንድ ቀን በዝቶ ሦስት ቀን ሲጠፋ ፍሬው ይመራል፤ ኪያር ሲጨነቅ የሚያበዛው መራራ ንጥረ ነገር አለ። ዩሪያ ማብዛት ደግሞ ለክሽክሽ የሚመች ለስላሳ ቅጠል ያወጣል እንጂ ፍሬ አያበዛም፤ የበሰለ ፍግ ይመረጣል።

ቦታ መቀያየር ይመከራል፣ ትክክልም ነው፣ ግን ለአፈር ወለድ ችግር ብቻ ነው የሚጠቅመው። በነፋስ ለሚመጣው ዳውኒ ምንም አይፈይድም። አራት በአራት በሆነ ጓሮ ወዴት ይቀያየራል የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኔማቶድ ያለበት ጓሮ ውስጥ ሃያ ሊትር ጀሪካን ቆርጦ፣ ታችኛውን በስቶ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር መትከል ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ዘሩ ላይ ያለው ክርክር

ኤፍ ዋን የሚባለው ዘር ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የወጣ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ለሁለቱ ሻጋታዎች የመቋቋም አቅም አለው፤ እሽጉ ላይ ይጻፋል፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፍሬው ዘር አስቀርቶ መዝራት ግን አይሠራም፤ ልጆቹ እንደ እናታቸው አይሆኑም። በየዓመቱ መግዛት የማይፈልግ ሰው እንደ ፖይንሴትና ማርኬትሞር ያሉ የቆዩ ዝርያዎችን ይመርጣል፤ እነሱም የተወሰነ መቋቋም አላቸው። መቋቋም ዘላለማዊ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አዲስ ዓይነት ዳውኒ ሚልዲው ተነስቶ ለዓመታት ሲያገለግሉ የነበሩ ዝርያዎችን ሰብሯል።

ከቆየው ዝርያ ዘር ለማስቀረት ከጤነኛ ተክል አንድ ፍሬ ሳይቆረጥ ይተዋል፣ ቢጫ እስኪሆንና እስኪለሰልስ። ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ ከነዝልግልጉ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ የሰመጠው ታጥቦ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ተንሳፋፊው ይደፋል። በደረቅ ቦታ አራት አምስት ዓመት ይቆያል። ጎረቤት ሌላ ዓይነት ኪያር ከዘራ ንቧ ታዳቅላቸዋለች፤ ከዱባ ጋር ተዳቅሎ ጣዕሙ ተበላሸ የሚባለው ግን አይሆንም፣ ኪያርና ዱባ አይዳቀሉም።